የአባቴን ድምፅ ይዞ የሄደው

ስሙን አልጽፍም። ያገባኝ ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በኒካህ ነው። ድሬዳዋ ላሉት እናቴና እህቴ አልነገርኳቸውም። በዚያ ዕድሜዬ፣ ከእኔ በብዙ የሚያንስ ሰው አገባሁ ብል መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። አብረን በር ላይ ስንደርስ ይወቁት አልኩ።

እሱ ዐዚዚያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የከባድ መኪና ፍሬን ይጠግን ነበር። እኔ ሺፋ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ማዳሜ ጁምዓ ጁምዓ ትለቀኛለች። አንድ ጁምዓ ወደ ክፍሉ ስመጣ፣ ከጋራዡ ያመጣው አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ባቡር ይነዳል። ጨዋታ ነው። ሳቅሁበት።

"አንተ፣ ልጅ ሆንክ እንዴ?"

"ዝም በይ፣ ጣቢያ ልገባ ነው!"

ሳቄ ብዙ አልቆየም። በባቡሩ መስታወት ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ መጥረጊያው ይጠርገዋል፤ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። ከሰው ኩሽና ወጥታ መስኮት የሌለው ክፍል ለምትገባ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእሱ ደስታ ደግሞ ሌላ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ "ያላ፣ ያላ" እየተባለ የሚነዳ ሰው፣ እዚያ ያን ሁሉ ብረት በአንድ ጣቱ ያቆመዋል። ቀስ ብሎ ፍሬን ይዞ መቆሚያው ላይ ልክ ሲደርስ ፊቱ ይበራል። ያን ማየት ያን ጊዜ እወድ ነበር።

ጉድለቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ። እኔ የባቡር ነጂ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሰፈር ነው። ጨዋታው ውስጥ ሙቀት የለም፣ የናፍጣ ሽታ የለም፣ ሐዲዱን የሚያቋርጥ ግመል የለም። ተሳፋሪዎቹ ፊት የላቸውም። ብትገጭ እንደገና ጀምር ይልሃል፤ አባቴ አንዴ ሰው ገጭቶ ስንት ጊዜ እህል አልቀመሰም። ከሁሉ የከፋው ግን ነጂው ብቻውን መሆኑ ነው። በእኛ ባቡር ነጂና ረዳት ነበሩ። ረዳቱ ምልክቱን አይቶ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ነጂው ያንኑ ይደግማል። ሁለት አፍ ያልተናገረው ምልክት እንዳልታየ ይቆጠራል። በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠሩት፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን "ቯ ሊብር!" ይላሉ። አባቴ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ፣ በአፍንጫው ነበር የሚለው። ጡረታ ወጥቶ እንኳ፣ እስኪሞት ድረስ፣ በጋሪ ስንሄድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳያስበው ያመልጠው ነበር።

ይህንን አስተማርኩት። ከጎኑ ተቀምጬ እጠራለሁ፤ እሱ ይደግማል።

"እንደሱ አይደለም፤ ጎትተው።"

"ቯ ሊ...ብር!"

"አፍንጫህ የት ሄደ?"

"ጋራዥ ረስቼው መጣሁ።"

ጁምዓ በጁምዓ እየተስተካከለ ሄደ። ስለ አባቴም ይጠይቀኛል፤ የትኛው ጣቢያ ያድር እንደነበር፣ ጓደኞቹን ምን እያለ ይጠራቸው እንደነበር። ሪያድ ውስጥ ስለ አባቴ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

ኢቃማ ለሌላቸው ምሕረት ሲታወጅ ተመካከርን። አገር ቤት አዲሱ የባቡር መስመር ሰው ይፈልጋል ይባላል። እሱ ቀድሞ ይገባል፤ እኔ ማዳሜን የመጨረሻ መውጫ ኸሩጅ ጠይቄ እከተለዋለሁ፤ ከዚያ ቤተሰቤ ፊት አብረን እንቆማለን። ማዳሜ ስነግራት አኮረፈች፤ በኋላ ወረቀቱን ልታስጀምርልኝ ተስማማች። እሱ ሄደ። እኔ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፤ ከዚያ እየጠፋ መጣ። ስደውልለት "ትንሽ ታገሺ" ይለኛል። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ እያለቀሰች ደወለች።

"አንቺ! ወንድም እንዳለን እያወቅሽ እንዴት ትደብቂናለሽ?"

"የምን ወንድም?"

"አባባ አዋሽ የወለደው ነዋ! ሪያድ አብሮሽ አልነበር? የአባባ ፎቶ ፊት ቆሞ 'ቯ ሊብር' ሲል ልቤ ቀጥ አለ። ቁርጥ አባባ! የአባባ ጓደኞች፣ ጡረተኞቹ ሁሉ አለቀሱ። ለረዳት ነጂ ሥልጠና የተሟገቱለት እነሱ ናቸው።"

አዋሽ አባቴ ያድርበት የነበረው ጣቢያ ነው። ባቡረኛ በየጣቢያው ይወልዳል እየተባለ በሚታማበት ሰፈር እንዲህ ያለ ወሬ የሚጠራጠር የለም። ስልኩን ዘግቼ ለእሱ ደወልኩ።

"ምነው፣ ለጊዜው እኮ ነው" አለኝ። "ሥልጠናውን ልጨርስ።"

"እኔ ስመጣ ምን ልባል?"

"እህቴ ትባያለሽ። ምን ችግር አለው? አንድ ቤት እንኖራለን።"

"የአባቴን ልጅ አገባሁ ልበል?"

"ማን ያውቃል ማግባትሽን? ራስሽ አይደለሽ የደበቅሽው?"

መደበቄን አስልቶ ነበር የሄደው። ፊት የሌላቸው ሰዎች ጭኖ መንዳት የለመደ ሰው፣ እኔንም እናቴንም እንደዚያው አየን።

ለእህቴ መልሼ ደወልኩና ባሌ ነው አልኳት።

"ማን ያያችሁ አለ? ምስክሮችሽስ?"

ሁለቱም በዚያው ምሕረት ወጥተዋል፤ የት እንዳሉ አላውቅም።

"እህቴ፣ ብቸኝነት ነው እንዲህ የሚያናግርሽ" አለችኝ። "እኔ ድምፁን ሰምቻለሁ።"

"ድምፁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ!"

"አንቺ? አንቺ ደግሞ መቼ ባቡር ነድተሽ ታውቂያለሽ?"

እናቴን አገናኚኝ አልኳት። አሁን አይሆንም አለች።

በማግስቱ ማዳሜን ኸሩጁን ተዪው አልኳት። "ኸላስ?" አለች፤ በቃ ወይ ማለቷ ነው። "ኸላስ" አልኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ደስ ብሏታል። እኔ አገሬ ልገባ የምችለው ወይ የባሌ እህት ሆኜ፣ ወይ በወንድሟ የምትቀና ሴት ሆኜ ነበር። ሁለቱንም አልፈለግሁም።

በዒድ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። እሱ የሥልጠና ልብሱን ለብሶ መሐል ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ጎረቤት ሞልቷል። እናቴ የለችም። ደውዬ ጠየቅሁ።

"ጓዳ ናት" አለች እህቴ። "እሱ ከመጣ ጀምሮ የአባባን ስም አንስታ አታውቅም። ፎቶውንም ከግድግዳው አውርዳዋለች።"