ከሰሚራ የደበቅኩት ወረቀት

ይህን ከቤታችን ውጭ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔው ልናገረው ብዬ ነው።

ከዚራ ሰፈር ባለችኝ ሱቅ ፍሪጅ እጠግናለሁ። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ልጅ መውለድ ሲያቅተን ባለቤቴ ሰሚራ ሁለታችንም እንመርመር አለች። እሷ ምንም አልተገኘባትም። እኔ ግን ፍሪጅ ባነሳሁ ቁጥር ግራ ቆለጤን ሲጎትተኝ የኖረው ሕመም ስም ወጣለት፤ ቫሪኮሲል። ሐኪሙ በዘር ፍሬዬ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች አብጠው ዘሬን እንዳዳከሙት፣ ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና በቀጭን ቱቦ ሊታከም እንደሚችል አስረዳኝ። ብዙ ወንድ ላይ ያለ ነገር ነው፣ አትፈር አለኝ።

አፈርኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከመሣሪያ ሳጥኔ ሥር ከተትኩትና ቤት ገብቼ "እኔ ደህና ነኝ" አልኳት። ዋሸሁ። አንድ ቀን ብቻም አልነበረም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። እናቴ ከጀልዴሳ ገጠር መራራ ቅጠል እያስመጣች ስታጠጣት፣ ሰሚራ አፍንጫዋን ይዛ ስትጨልጠው፣ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጎረቤት መካን ሲላት ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸሚዜን እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ "ሌላ አግባ። ለእናትህም እሺ ብያቸዋለሁ" አለችኝ።

ሱቅ ሄጄ ወረቀቱን አመጣሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። ካውያውን ነቅላ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቀኑ የተጻፈበት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ያን ቅጠል ስጠጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ወረቀቱን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ለእናቴም ያኔውኑ ነገርኳት። ሻሿን አስተካክላ ብቻዋን ወደ ሰሚራ ገባች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስትወጣ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

አዲስ አበባ ለሕክምና ስሄድ ሰሚራ አብራኝ ሄደች። ብሽሽቴን አደንዝዘው በትንሽ ቀዳዳ ቱቦውን በደም ሥሬ አሳለፉና ያበጠውን ዘጉት። እንቅልፍ እንኳ አልወሰደኝም። አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው፤ በዚያው ቀን በእግሬ ወጣሁ። ለዚህ ነበር ያቺን ሴት ሁለት ዓመት ያቃጠልኳት?

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። "በበሽታህ ቀድሞም አልተቀየምኩህም" አለችኝ። "ውሸትህን ደግሞ እየተውኩልህ ነው። አታስቸኩለኝ አቦ።"

አላስቸኮልኳትም። ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ከወራት በኋላም የምርመራዬ ውጤት ተሻሻለ። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ሴት ልጃችን ድክ ድክ እያለች ነው። መወለዷ ግን ያደረግኩትን አያጥብልኝም፤ እንዲያጥብልኝም አልጠይቅም።

ጎረቤቶቻችን ዛሬም ሰሚራ ዳነች ይላሉ። ሰሚራ ታማ አታውቅም። የታመምኩት እኔ ነበርኩ፤ የዋሸሁትም እኔ። ይኸው ተናገርኩት፣ ደረቴም ቀለለኝ።