አልገባ ያለው አራተኛው ማቃኛ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ማሽኔን ከክስ ለማስለቀቅ ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ዓቢይ ጾም አንድ ወር ያለፈው ሰሞን ነበር። የምሠራው በአንድ አነስተኛ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የተዛነፈ ጥርስን ያለ ሽቦ የሚያስተካክል፣ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ እናመርታለን፤ ማቃኛ እንለዋለን። ታካሚው በየሁለት ሳምንቱ አንዱን በሌላው እየተካ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ጥርሱን በጥቂቱ ገፋ ያደርገዋል።

ድሮ ፕላስቲኩን አሙቀን በጥርስ ቅርጽ ላይ ከለበጥን በኋላ ዳር ዳሩን በመቀስ የምንቆርጠው በእጃችን ነበር። ግማሽ ቀን ሠርተን የምናወጣው በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ባለቤቷን ዶክተር ሰናይትን ለወራት ጨቅጭቄ፣ ኮምፒውተሩ ቅርጹን የሚያትምበት፣ ማሽኑም የድዱን መስመር ተከትሎ የሚቆርጥበት አሠራር አስጀመርኩ። ሁሉም ሰምሮልኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ፣ ከደብረ ማርቆስ ስልክ ተደወለ። የአንዲት መምህርት አራተኛ ማቃኛ አልገባ ብሏል። ደግመን ሠራን፤ አልገባም። ለሦስተኛ ጊዜ ሠራን፤ እሱም አልገባም።

ዶክተር ሰናይት አይቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሄደህ በዓይንህ እይ» አሉኝ። «ጥፋቱ የማሽኑ ከሆነ ሸጠነው ወደ መቀሳችን እንመለሳለን።»

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

አውቶቡሱ ሞልቶ ተነሣ። ጭኔ ላይ የያዝኳት ካርቶን ውስጥ የመምህርቷ ጥርስ የታተሙ ቅርጾች፣ ማቃኛዎቹና ስፋትና ውፍረት የምለካበት ካሊፐር አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሉማሜ የሚወርዱ እናት ምን እንደ ዕንቁላል እንደምሳሳለት ጠየቁኝ። ከፍቼ ባሳያቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉና ወደ መስኮቱ ሸሹ። የሰው ጥርስ ሳይሆን የጥርስ ምስል መሆኑን እስካስረዳቸው ፍቼን አልፈናል። ካመኑኝ በኋላ ግን አፋቸውን ከፍተው የሁለት ጥርሶቻቸውን ክፍተት አሳዩኝና ማሽኔ ይተክል እንደሆን ጠየቁኝ። አይተክልም ስላቸው ለማሽኑ የነበራቸው ክብር ቀነሰ።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ከኋላዬ የተቀመጠ ነጋዴ ጆሮ ይከፍታል ብሎ ማስቲካ ዘረጋልኝ። አመስግኜ ዘጠኝ ሰዓት አለመሙላቱን ነገርኩት። ማስቲካ እኮ አይዋጥም ብሎ ተከራከረኝ። እኔም አፍ ውስጥ ከገባ ገባ ነው ብዬ መለስኩለት። የሉማሜዋ እናት በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ በማሽኑ ያጣሁትን ክብር በማስቲካው አስመለስኩ።

ድልድዩን ተሻግረን ጠመዝማዛውን ስንወጣ ሙቀቱ እየቀረ፣ ደጀን ስንደርስ ነፋሱ ሹራብ የሚያስለብስ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ጤፉ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ በየደጁ የጭድ ክምር ቆሟል። ሉማሜ ላይ እናቲቱ መርቀውኝ ወረዱ።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ይበልጣል በክሊኒካቸው በር ላይ ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ሦስቱን አልገባ ያሉ ማቃኛዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ማሽኔ ደብረ ማርቆስን ጠልቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ግን ካሊፐሬን አውጥቼ ሦስቱንም በየአቅጣጫው ለካሁ። የፀጉር ያህል እንኳ ልዩነት የላቸውም፤ ከቅርጹ ጋርም ልክክ ይላሉ። እጄ በመቀስ እንዲህ ቆርጦ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን መልስ አልሆነም።

መምህርቷን አስጠርተን እንድናያት ዶክተሩ ደወሉ። ይታይሽ ትባላለች፤ ይጁቤ በምትባል የገጠር ከተማ ነው የምታስተምረው። ሕክምናውን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልመጣም አለቻቸው። ይህን ስሰማ ሆዴ ባዶ መሆኑ ታወቀኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በያይነቱ በላሁ፤ ሽሮው ግሩም ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ይታይሽን ሳላይ ብመለስ ማሽኑ ተሸጠ ማለት ነው። ዶክተር ይበልጣል ጭንቀቴን አይተው ነገ ጠዋት አብረውኝ ሊሄዱ ቃል ገቡልኝ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ይጁቤ

የጠጠሩ መንገድ ሚኒባሷን ሲያናውጣት ካርቶኔን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የሄድኩት። ይታይሽ የምታስተምረው ከሰዓት ስለነበር ቤቷ አገኘናት። ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ትሆናለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የምትናገረው፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ እንደሆነች ሐኪሙ ነግረውኛል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወደ እሳቸው የመጣችው ተማሪዎቿ ፊት ሳትሸፈን ለመሳቅ ብላ ነው።

ዶክተር ይበልጣል እጃቸውን ታጥበው ማቃኛዎቹን በተራ ሞከሩላት። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው የፊት ጥርሶቿ ላይ ከፍ ብሎ ቆመ። አራተኛውማ ጭራሽ አልቀረበም። ጥርሷ ሦስተኛው ማቃኛ ሊያደርሰው የሚገባው ቦታ እንኳ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የአቆራረጡ አይደለም። ማሽኔ ነጻ ወጣ። ደስታዬን ፊቴ ላይ እንዳታነብብኝ ካርቶኑን መነካካት ያዝኩ።

ሐኪሙ ሙሉ ቀን ታደርገው እንደሆነ ሲጠይቋት መሬት መሬት እያየች አዎ አለች። እኔ ግን ለሙከራው አፏን ስትከፍት ማቃኛ እንዳልነበረበት አይቻለሁ። የማቃኛዋ ማስቀመጫ ከጸሎት መጽሐፏ አጠገብ ነበር። ሦስተኛውን የጀመረችበትን ቀን ካርዷ ላይ ፈለግን፤ ጾሙ የገባ ዕለት ነው።

«ጾም ነው እኮ» አለች፣ ዓይናችንን ስታይ። «አፌ ውስጥ ይዤው እንዴት እጾማለሁ? ጠዋት አወጣው፣ ዘጠኝ ሰዓት በልቼ አደርገው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ግን ሙሉ ቀን ነበር። አራተኛው አልገባ ካለ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ትቼዋለሁ።»

ሐኪሙ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቋት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ሐኪም ያዘዘውን አላደርግም ማለት ደግሞ ነውር መሰለኝ።»

በዚህ ጊዜ የነጋዴው ማስቲካ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። አፍ ውስጥ ከገባ ገባ ነው ብዬ የተከራከርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ያው እኔ፣ በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት አፍ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ስሠራ፣ ለዚህች አገር ሰው አፍ የጾም ሰዓት አልተውኩለትም።

ዶክተር ይበልጣል ሦስታችንም የንስሐ አባቷ ቄስ ሞገስ ዘንድ እንሂድ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘናቸው። ማቃኛውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ ጣዕም ይኖረው እንደሆነ፣ ይሟሟም እንደሆነ ጠየቁኝ። የለውም፣ አይሟሟም አልኳቸው።

«ምግብ አይደለም» አሉ። «እኔ በዚህ አልከለክላትም። ግን ልቧ ካመነታ አላስገድዳትም።» ከዚያ ማቃኛውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ጥርስ የሚያቀና ማሽን ሠርታችሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ያቅታችኋል?»

አያቅተንም አልኩ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ደመርኩ፤ በጾም ወቅት አንዱን ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለሦስት ብታደርገው ይበቃል። የሚጣል ነገር የለም፤ ሦስተኛውን ካደረገችው ላይ ሁለት ሳምንት ጨምራ ትቀጥላለች፣ አራተኛው ተራውን ይጠብቃል። ይታይሽ ነጠላዋን ሳታነሣ፣ እንግዲያው አልተውም አለች።

አርብ ማታ፣ አዲስ አበባ

ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ማሽኑ እንዳልተሳሳተ ለዶክተር ሰናይት ነገርኳቸው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ሲሉኝ የእኔ ነው አልኩ፤ ስለ ማስቲካውም አልደበቅኳቸውም። የታካሚው ቅጽ ሲጋራውን ይጠይቃል፣ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨቱን ይጠይቃል፤ ስለ ጾም ግን አንድም መስመር አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ጻፍኩበት፤ አሁን ኮምፒውተሩ የማቃኛውን ቀን የሚቆጥረው ይህን አይቶ ነው። መቀሶቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲያልፍ ስልኬ ጠራ። ይታይሽ ናት። «አራተኛው ገባ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ነጠላ ሳያፍነው። የገባው መጀመሪያ የተሠራው ነው፤ ደጋግመን ከሠራናቸው አንዱም አላስፈለገም። እኔ ልመልስላት አፌን ብከፍት የመጀመሪያ ጉርሻዬን ገና አልዋጥኩም ነበር።