ከወረቀቱ በፊት ቀለሙ

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ልመርጥ ሄጄ፣ ቀለም የያዘችው ልጅ «ጋሼ፣ ጣትዎን» ስትለኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። «መጀመሪያ ወረቀቱን!» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ምን ታድርግ፣ የዲማውን የግንቦት ምርጫ አላየች።

ያኔ ለመምረጥ ዕድሜዬ ገና መድረሱ ነበር። ዓይናቸው የደከመውን የቅኔ መምህሬን፣ የኔታን፣ እጃቸውን ይዤ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ምርጫው ድንኳን ወሰድኳቸው። እህል አልቀመሱም። «ስንት መንግሥት ሲያልፍ አየሁ፤ አንዱም ማንን ትወዳለህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬስ ልጠየቅ» እያሉ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር።

ሰልፉ አይነቃነቅም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የታረሰው ማሳ አቧራ አፍ ይሞላል። ሳጥኑ ዘግይቶ መጣ፤ ደግሞ ማኅተሙ ተረሳ ተባለና ሰው ተላከ። በምሳ ሰዓት የጣቢያው ኃላፊ፣ ሆዱ አምላኩ የሆነ ሰው፣ የድንኳኑን በር ጋረደ። የጥብስ ሽታ ግን በመጋረጃ አይጋረድም። እኛ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምን የነኃላፊውን ሳቅ ሰማን።

ጥርሱን እየጎረጎረ ወጣና «ጊዜ ለመቆጠብ» ብሎ በቆምንበት አውራ ጣታችንን ቀለም አስቀባን። የኔታም ጣታቸውን ሰጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ ደረስን።

«ወረቀት አልቋል» አለ ኃላፊው።

«ነገስ?» አልኩ።

«ነገ ይመጣል። ግን ጣቱ ቀለም የነካ ሰው ሁለተኛ አይመርጥም፤ ሕግ ነው።»

«አንደኛውን መቼ መረጥን?»

«ጣትህን እየው!»

ያን ፊት ዛሬም እጸየፈዋለሁ። የኔታ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ተወው ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ስቆጥር ኖሬ፣ ዛሬ ቀለም ተቀብቼ ሳልቆጠር ቀረሁ» አሉ። የቅኔ ሰው ናቸውና ንዴታቸውም ቅኔ ነው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

እኔ በአመድና በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅኩት። እሳቸው አልነኩትም። ሰኔ ሳይጋመስ አረፉ። ሲገነዙ ቀለሙ ገና ጥፍራቸው ሥር ነበር፤ አንድ ቄስ አይተው «እሰይ፣ መርጠው ነው የሄዱ» አሉ።

የዘንድሮዋ ልጅ ወረቀቱን ሰጠችኝ። መርጬ፣ አጥፌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩ በኋላ ነው ጣቴን የዘረጋሁላት።

«አሁን ቀቢው» አልኳት።