ሲሰግድ የሚወርድ ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ተመራማሪ ቤቴ መጣ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ መሆኔን ሰምቶ፣ ለገጠሩ ሰው የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች መጀመሪያ እኔ ላይ ሊሞክራቸው ፈልጎ ነው። ጥናቱ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሰነበቱ በኋላ ማጅራት ገትር ስለሚይዛቸው ሰዎች ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማዬን ካላወለቅኩ ብሎ በር ላይ አስቸገረኝ። የሽንብራ ቆሎ አቀረብኩለት። እሱን እየቆረጠመ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ማስታወኩ፣ ስለ አንገት መገተሩ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ደህና በሽተኛ ስመልስለት ቆየሁ። አንዷ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ መጣ።

«ይቺኛዋ ታስቃለች ሲስተር። ‹ሲሰግዱ ወይም ጎንበስ ሲሉ ከአፍንጫዎ ጥርት ያለ ውሃ ይወርዳል?› ትላለች። ከድሮ ጥናት የተወሰደች ናት አሉ። ‹ወድቀው ያውቃሉ?› ብሎ መጠየቅ አይቀልም ነበር?»

«አይቀልም» አልኩት። «እዚህ አገር አይቀልም።»

ለምን ቢለኝ፣ ነገሩ ረጅም ነው ብዬ ሸኘሁት። ከወጣ በኋላ ግን ቆጨኝ። የእሱን ቆሎ እኔ እየቆረጠምኩ ብቻዬን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

ያኔ ደሴ ነርስነት ተምሬ ወደ አገሬ ወደ ላሊበላ የተመለስኩበት ጊዜ ነው። ወጣት ነበርኩ፤ ምላሴም እንደ ዛሬው አጭር አልነበረም። ዶክተር ሰሎሞን የሚባል ሐኪም የማጅራት ገትር ጥናት ይዞ ከአዲስ አበባ መጣና ከሰዎቹ ጋር ቀላቀለኝ። የላስታን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የካቲት ሲያልቅ ንፋሱ አቧራውን ያነሳዋል፣ የሁሉም ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ነው ይሄ አንጎልን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን የሚያቃጥል በሽታ የሚነሳው። እኛም በዚያ አቧራ ውስጥ በመኪና እየተንገጫገጭን፣ በሶ በጥብጠን እየጠጣን፣ ከመንደር መንደር እንዞር ነበር። ዶክተር ሰሎሞን ከእኛ ብዙም የማይበልጥ፣ አንተ በሉኝ ብሎ ያስለመደን ሰው ነበር። መጠየቅ አይታክተውም፤ ዶሮ ለምን እንደምትጮህ ሳይቀር ይጠይቃል።

አንድ ቀን በዓል ሲቃረብ፣ ካህናቱ ለጥናቱ ደም ይሰጡኛል ብሎ መርፌውን አሰልፎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሽማግሌ ቄስ አይተውት ሳቁ።

«አንተ ዶክተር፣ ደማችንን ወስደህ ነገ ማን ሊቀድስ ነው? አንተ ትቀድሳለህ?»

እኔ ነኝ ያስረዳሁት። ደም የፈሰሰው ሰው መቅደስ አይገባም፤ ለመቀደስ የተዘጋጀ ካህን አፍንጫው እንኳ ቢነስረው ያን ቀን አይቀድስም። ዶክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ቀኑን ቀየረ። እኛም ነገሩን የደም መስጠት ጉዳይ ብቻ አድርገን ቆጠርነው።

በሁዳዴ አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ወደ ጤና ጣቢያው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ያለው ምስጋናው ነበር። ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ እኩያዬ ነው፤ ድምፁን ሰምቶ ያልወደደው ሰው አላውቅም። አሁን ግን ዓይኑ ተከድኗል፣ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቋል፣ ሰውነቱ ይፋጃል። በየመሃሉ ያቃትታል፤ ያስታውካል። ሆዱ ባዶ ሆኖ ሐሞት ነው የሚወጣው።

እናቱ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከጎኑ ይሮጣሉ። ከኋላቸው የምስጋናው የንስሐ አባት፣ ቄስ ወልደ ኪሮስ፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። ጎልማሳ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጠበል ልንወስደው ነበር» አሉኝ እማማ ዘነቡ። «አባ ናቸው የለም፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ያሉን። አደራሽን ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ አንድዬ ልጄ ነው!»

ዶክተር ሰሎሞን አንገቱን ጎንበስ ሊያደርገው ሲሞክር እምቢ አለው። ማጅራት ገትር ነው አለ። መርፌውን ወዲያው ወጋነው። ግን በእኛ እጅ ብቻ የሚድን አልመሰለንም፤ በጋሸና አድርገን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልንወስደው ተስማማን። ያን ጊዜ ያ መንገድ ጤነኛውንም ሆድ ዕቃውን የሚያስወጣ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው መንገድ ላይ ካስታወከ ትውከቱ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ስለዚህ ሳንነሳ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ አስገብተን ሆዱን ባዶ ማድረግ ነበረብን። ለእኔ የየቀን ሥራዬ ነው፤ ቱቦውን አወጣሁ።

«ቆይ» አለ ዶክተሩ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማማ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር? ወድቆ ያውቃል?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ሲደረግ ይወድቃል?»

«ሰሞኑን? በቅርቡ?»

«አልወደቀም! ጉንፋን ነው የያዘው እንጂ።»

ጉንፋን ደግሞ በዚያ ወር ያልያዘው ማን ነበር? ዶክተሩ ግን አልተዋቸውም። ቀስ ብሎ አስረዳቸው፤ «የምጠይቅዎት ለክፉ አይደለም። የራስ ቅሉ ከሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ይሄ ቱቦ ወደ ሆዱ መሄዱ ቀርቶ አንጎሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ እኛው ገደልነው ማለት ነው። ስለዚህ ወድቆ ከሆነ ይንገሩኝ።»

«በማርያም! የማውቀው የለም» ብለው አለቀሱ እማማ ዘነቡ። ቃሬዛውን የተሸከሙትም ሁሉ አላየንም፣ አልሰማንም አሉ።

ቄስ ወልደ ኪሮስ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ጾም ያደከማቸው መስሎኝ «አባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ወጡ፤ ወዲያው ተመልሰው ገቡ። እንደገና ወጡ፤ እንደገና ገቡ። መኪናው ተነስቶ እየጮኸ ነው፤ ምስጋናው ትንፋሹ ያጥራል። ዶክተሩ በዓይኑ ቀጥዪ አለኝ። ቱቦውን ቅባት ቀባሁና በግራ እጄ አገጩን ያዝኩ። ጫፉን አፍንጫው ሥር አደረስኩት።

አንድ እጅ የእጄን አንጓ ያዘኝ። እስኪያመኝ ድረስ ነው የያዘኝ።

ቄስ ወልደ ኪሮስ ናቸው፤ እጄን ከነቱቦው ከአፍንጫው አራቁት።

«ለምን አባ?»

ዝም አሉ።

ዶክተር ሰሎሞን ጠጋ አለ። «አባ፣ ወድቋል?»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። እጄን ግን አልለቀቁም።

«አባ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ እኮ ልጁ እየሞተ ነው! ወድቋል ወይስ አልወደቀም?» ድምፁ ከፍ አለ።

የአገሩ ልጅ ነኝና ለእኔ ቀድሞ ገባኝ። የንስሐ አባት ከንስሐ ልጁ የሰማውን ለሰው አይናገርም። ለእናት አይናገርም፣ ለዳኛ አይናገርም፣ ነፍስም ብትወጣ አይናገርም። የሰማውን ሆድ ይፍጀው ነው። ቱቦውን አስቀመጥኩት።

«ዶክተር፣ አትጠይቃቸው» አልኩ። «በአፉ እናስገባው።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ቱቦውን በአፉ አስገባነው። ፀጉሩን ገልጦ ሲያይ ከጆሮው ጀርባ ሊጠፋ የደረሰ ቢጫ ሰንበር አገኘ። በጎኑ አዙረን ጎንበስ ስናደርገው ካፍንጫው ጥርት ያለ ውሃ አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጉንፋን አልነበረም። አንጎልን ከብቦ የሚይዘው ውሃ በስንጥቁ እየሾለከ ነበር፤ በዚያው ስንጥቅ ነው በሽታው የገባው። እማማ ዘነቡ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ይኸው ጉንፋኑ» አሉ።

ጋሸና ስንደርስ መኪናው ነዳጅ ለመቅዳት ቆመ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት ቤት የጾም ሽሮ ይሸታል፤ ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት ነገር ባይኖርም ወደዚያ አልሄድኩም። ቄስ ወልደ ኪሮስ ከመኪናው ወርደው ለብቻቸው ቆመው ነበር። ሄድኩና ውሃ ልስጥዎ አልኳቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ አልቀድስም ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አባ! አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩም እኮ! እኔ ምስክር ነኝ።»

«አፌ አልተናገረም» አሉ። «እጄ ተናግሯል።»

ተቆጣሁ። እግዜር እንዲህ አይቆጥርም፣ ሰው አድነው እንዴት ይቀጣሉ ብዬ የቄስ ልጅ ሳልሆን ስብከት ሰበክሁባቸው። ታግሠው ሰሙኝና «ዕወቂ፣ እግዜርን የለመንኩት የንስሐ ልጄን ሐኪሞቹ እንዲያድኑት ነው፤ እኔን ማረኝ አላልኩትም» ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ምስጋናው ዳነ። ከትልቁ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ላኩት፤ ስንጥቁን ዘጉለት፤ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጆሮው ትንሽ ደንቆሮ ሆኖ ተመለሰ። ያኔ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ሁሉንም ነገረን። ሰንበት ነበር፤ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ ሲወርድ የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደረጃ፣ ስንት ዘመን የእግር ጫማ ያለሰለሰው ደረጃ፣ አዳለጠውና እስከ ታች ወደቀ። አፍንጫው ደማ። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም፤ በዚያች ጠዋት የነበሩት ዲያቆናት እሱን ጨምሮ ሦስት ብቻ ናቸው። ደምቻለሁ ካለ ቅዳሴው ይታጎላል። ታጥቦ፣ ደሙ እስኪቆም ጠብቆ፣ ገብቶ ቀደሰ። ኋላ ሕሊናው አላስቀምጥ ሲለው ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። እሳቸውም ቀኖና ሰጡት፤ ስግደት።

«ስሰግድ ውሃው ይወርድ ነበር» አለን። «እኔም አባም እንባ መስሎን ነበር። ‹ንስሐህን ተቀብሎሃል› ይሉኝ ነበር።»

«ሰው ለአንድ ቀን ቅዳሴ ብሎ ይሞታል?» ብዬ ጮህኩበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ተረትኩበት። ፈገግ ብሎ «አንቺ ዲያቆን ሆነሽ አታውቂም» አለኝ። ዶክተር ሰሎሞን ግን አልጮኸም። «እንግዲህ ደም የሚያናዝዝ ጥያቄ አንጠይቅም» አለ። ያቺ ተመራማሪውን ልጅ ያሳቀችው ጥያቄ የመጣችው ከዚያ ነው። ውሃን ማንም አያፍርበትም፤ በኋላ በዚያች ጥያቄ ብቻ መውደቃቸውን የደበቁ ስንት ሰዎች አገኘን።

ቄስ ወልደ ኪሮስ እንዳሉት አደረጉ። ማንም አልከሰሳቸውም፤ ዛሬም ድረስ ከእኛ ከጥቂቶቹ በቀር ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ራሳቸው ከሰው ራሳቸው ፈረዱ። አርጅተዋል፤ እሑድ እሑድ ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። እኔን ግን ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ሲበላኝ ኖሯል። የዚያን ልጅ ነፍስ አተረፉ፣ የራሳቸውን ሕይወት ግን ጣሉ። ይቆጫቸው ይሆን? እሳቸውን ልጠይቅ ብዬ ስንቴ አፌ ላይ አድርሼ መለስኩት።

ተመራማሪው ልጅ በመጣ በሳምንቱ እሑድ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ምስጋናው ዛሬ ቄስ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ነው። ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ በደህናው ጆሮው በኩል ቆምኩ።

«ቄስ ምስጋናው፣ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባ ያን ቀን ስላደረጉት ነገር ይቆጫሉ? አንተ ሳታውቅ አትቀርም።»

አየኝ። ሳቀና ወዲያው ሳቁን ተወው።

«አውቃለሁ ሲስተር» አለኝ። «ግን አልነግርሽም። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ጀምሮ የአባ የንስሐ አባት እኔ ነኝ።»

እሱም አልፎኝ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ቄስ ወልደ ኪሮስ ሲያዩት ከተቀመጡበት ድንጋይ ተደግፈው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ጎንበስ አሉና መስቀሉን ተሳለሙ። እሱም ትከሻቸውን ደግፎ አቀናቸው። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የደበቀውን በሽታ ሳወጣጣ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የዚህን ነገር መልስ ግን ሳላውቀው ብሞት ደስ ይለኛል።