እናቴ የሸኘችው እንግዳ

እናቴን ዳባት ካለው ከገዛ ቤቷ አስወጥቶ ደባርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ያስገባት ታላቅ ወንድሜ ነው። ቤቷን አፍርሶ ፎቅ ጀመረበት። እኔም ቂሜን እንደ እርሾ አስቀምጬ ቆየሁ።

መጦሪያው መጀመሪያ ላይ የሰው ቤት ሆኖብኝ ነበር። ቤቴ የሆነው እናቴ ከአልጋዋ ሥር የገብስ ቆሎ በአገልግል ማስቀመጥ ስትጀምር ነው። ስገባ ማንንም ሳልጠይቅ ጎንበስ ብዬ እዘግናለሁ፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እቆረጥማለሁ። ብዪ ብላኝ አታውቅም። ልጅ በእናቱ ቤት አይለመንም።

ወንድሜ ብቅ ያለው የፋሲካ ማግስት ነው። አልጋው ላይ ሊቀመጥ ሲል እናቴ፣ "ኧረ ለእንግዳ ወንበር አምጪ" አለችኝ። ሮጬ አመጣሁ፤ በነጠላዬም ጠረግኩለት። ቆሎውን በሰሃን አቀረበችለትና "በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ" እያለች ለመነችው። ጥቂት ዘግኖ መዳፉ ላይ እንደያዘው ቀረ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ" አላት።

"ታዲያ አይደለህም ወጣኝ? ብላ እንጂ።"

ሲነሳ እሷም ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፤ እንግዳ ይሸኛላ። "ተይ፣ ጉልበትሽን ያምሻል" አላት። ላስቀራት እችል ነበር። ክንዷን ደግፌ በዝግታ እስከ ግቢው በር አደረስኳት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ አጠገባችን ይራመዳል። "እግዜር ድካምህን ይቁጠርልህ" ብላ አሰናበተችው።

እኔ ስወጣ ከአልጋዋ ተነስታ አታውቅም። "በሩን ዝጊው" ነው የምትለኝ።