ሽፍታው አልያዝ ያለበት ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ስላለ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ ናትናኤል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። ጠጋ ብዬ ሳይ የካውቦይ ፊልም ነው። ለራት ድንች ልልጥ አስቤ የነበረውን ትቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሽፍታው የተደበቀውን ወርቅ ከጉድጓድ አውጥቶ በፈረስ ሲሸሽ፣ አሳዳጁ ከኋላ ደረሰበትና ያዘው።

«ውሸት ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምኑ ነው ውሸቱ፣ አክስቴ?»

«ያ ፈረስ የሚቀደም ፈረስ አይደለም። ጋላቢው ነው ይዞ ያስቀረው። ልጓሙን ሲስብ አላየህም?»

ልጁ ከት ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የሱቅ ባለቤት የሆነች፣ ጉልበቷን የሚያማት አክስቱ ስለ ካውቦይ ምን ታውቃለች ብሎ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ። በወጣትነቴ ራሴ አንድ የካውቦይ ፊልም ሠርቻለሁ።

ያኔ የምኖረው ዳንግላ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ፣ እጄን አጣጥፌ የምውልበት ጊዜ ነው። አጎቴ ይርጋ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈኑ። የገበያ ቀን ከየገጠሩ የመጣው ሰው ሳይቀር ይታጨቅበታል። ከሁሉ የሚወደደው የጣሊያን ካውቦይ ነበር። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። መጀመሪያ ላይ ተተኩሶበት የሞተው ሰውዬ መጨረሻ ላይ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ እናየዋለን፤ ማንም ግን ቅር አይለውም። ሽፍታ፣ ፈረስ፣ የተቀበረ ወርቅ ካለ በቃ።

ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አጎቴ እኔን ከመጋረጃ ጀርባ ማይክ አስይዞ ያስቀምጠኛል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ምን እተረጉማለሁ፣ እፈጥራለሁ እንጂ! ሽፍታው ሊሞት ሲል አፉን ካንቀሳቀሰ «ወርቁን ለእናቴ አድርሱልኝ፣ አደራ» እላለሁ፤ ያ ሁሉ ጎልማሳ እንባውን ይጠርጋል። ሲወጡ ግን «ይርጋ ዛሬ ጥሩ ፊልም አመጣ» ተባብለው ነው የሚሄዱት። እኔን የሚያነሳ የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ነገር ሠርቼ፣ «ይህን የሠራችው ማንጠግቦሽ ናት» ሲባል አንድ ቀን ብቻ ልስማ ብዬ እመኝ ነበር።

እናም «እኛስ ምን ያንሰናል?» ብዬ ተነሳሁ። ፈረስ እንደሆነ አገራችን ሞልቶታል። ሜዳ አለን፣ አቧራ አለን። ታሪኩን እኔው አወጣሁት፦ አንድ ሽፍታ ወርቅ ይቀብራል፣ ተመልሶ ያወጣዋል፣ ሊያመልጥ ሲል ፖሊስ በፈረስ ደርሶ ይይዘዋል። ለሽፍታነት የሰፈራችንን ልጅ ገደፋውን መረጥኩ፤ አባቱ ጋሼ አለኸኝ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፣ ጥር ላይ በፈረስ ጉግሱ ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት። ለፖሊስነት ደግሞ በላይን። እሱም የአጎቱን ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ፈረስ ይጋልባል።

ካሜራ የነበረው ሠርግ የሚቀርጸው ምትኩ ብቻ ነው። ሁዳዴ ስለገባና ሠርግ ስለሌለ ካሜራው ቁጭ ብሏል። ለመንኩት፣ ተከራከርኩት፣ ሲሸሽ ቤቱ ድረስ ሄድኩበት። በመጨረሻ «እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ነው። ሕማማት ከገባ በኋላ ካሜራ ብነካ እናቴ ከቤት ታስወጣኛለች፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ ነው» አለኝ። ተስማማን።

ገና ሳንጀምር ግን ከተማው ለፊልሙ ስም አውጥቶለት ቆየኝ፤ «የነገደፋው ፊልም»። እንግዲህ ቻይው!

ጾም መሆኑ ያላሰብነውን ጣጣ አመጣ። ሽፍቶቹ እሳት ከበው በግ ጠብሰው መብላት ነበረባቸው፤ ማን በሁዳዴ ሥጋ ይነካል? ለማስመሰል እንኳ እሺ የሚል ጠፋ። ድንች በእንጨት ሰክተን ጠበስን። ምትኩ ካሜራውን አውርዶ «ደግሞ ድንች የሚጠብስ ሽፍታ የት ነው ያየሽው?» ሲል፣ በላይ «የሚጾም ሽፍታ ነዋ» አለው፤ ቀረጻው በሳቅ ተበላሸ። ወርቃችን ቢጫ ቀለም የተቀባ ጠጠር ነበር። ከዋርካ ስር ስንቀብር ያየን ሰው ምን እንዳወራ እንጃ፣ በማግስቱ ስንመለስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ወርቃችን የለም። ሌላ ጠጠር ለቅመን ቀባን።

ዋናው መከራ የመጣው ማሳደዱ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ሣሩ ደርቆ፣ ለካሜራ የተመቸ ሆኖ ነበር። ገደፋው ወርቁን ይዞ ይጋልባል፣ በላይ ከኋላ ይመጣል፣ ብቸኛዋ ግራር ዘንድ ሲደርሱ ይቀድመውና ይይዘዋል። ቀላል ነው። ጀምሩ አልኩ። ዳማው ተፈተለከ፤ ግራሯን አለፈ፣ ሜዳውን ጨረሰ፣ ከዓይናችን ጠፋ። ገደፋው ቆይቶ ቆይቶ እየሳቀ ተመለሰ።

«ያዝ አድርገው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እጄ እምቢ አለኝ፣ ማንጠግቦሽ። ምን ላድርግ?»

ደገምን፤ ያው ነው። ተናድጄ ቦታ አቀያየርኳቸው፤ ገደፋው ፖሊስ፣ በላይ ሽፍታ ሆኑ። ለካ ቦራውም አልቀደምም ባይ ነው! በላይ ከገደፋው ብሶ አረፈው። «እናንተ ልጆች ፊልም ነው! ውሸት ነው! ማንም አልተሸነፈም!» እያልኩ ሜዳው ላይ እንደ እብድ ስጮህ ዋልኩ። በኛ አገር ግን ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው በውሸትም ቢሆን አይቀደምም፤ ይህን ሳላስብ ታሪክ ማውጣቴ ነው ስህተቱ።

ወሬውን ሰምተው ጋሼ አለኸኝ ራሳቸው መጡ። ፈረሱን በአዊኛ ጥቂት አናገሩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ፈረሴ በሰው ፊት አንድ ቀን ቢቀደም ይረሳል። ይሄ ካሴት ግን ሰው ባሰኘው ቁጥር ይከፍተዋል። ዳማው ዕድሜ ልኩን ሲቀደም ሊኖር ነው?»

እውነት ለመናገር ሰውዬው ካሴት ምን እንደሆነ ከሁላችንም በላይ ገብቷቸዋል። ግን የዚያን ዕለት የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ምትኩ ሰዓቱን ያያል። የማንቀርጽ ከሆነ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያለ እርስዎ ፈረስ አይሆንልኝም» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አንቺ ጋልቢው» አሉ። «ሴት ጋልባው ቢቀደም የፈረሱ ነውር አይሆንም። ብቻ ሲይዙሽ ፊትሽን ገልጠሽ አሳዪ፤ ሴት መሆንሽ ይታወቅ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ፤ ግን «እሺ» አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ ከዚያም በላይ ፊልሙ እንዲያልቅልኝ ፈልጌያለሁ። ገጠር አያቴ ዘንድ ሳድግ ፈረስ ላይ ወጥቼ ወፍጮ ቤት ስመላለስ ኖሬያለሁ። የገደፋውን ጋቢና ኮፍያ ወሰድኩ፣ ፊቴን በሻሽ ጠመጠምኩ። እርካቡ ለእግር አውራ ጣት ብቻ የተሠራ ስለነበር ጫማዬን አወለቅሁ። የወርቁን ከረጢት ኮርቻው ላይ አሰርኩ።

ልብ በሉ፣ ልሸነፍ ነው የወጣሁት። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግራሯ ዘንድ ልጓሙን ስቤ መያዝ አለብኝ። ዳማው ሲነሳ ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከኋላዬ የቦራው ኮቴ ይሰማኛል። ግራሯ እየቀረበች መጣች። «አሁን ሳቢ» አልኩ ለራሴ። ያን ጊዜ «ሴት ብትቀደም ነውር አይሆንም» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ደወለ። ለምንድነው የማይሆነው? የኔስ ነውር አይደለም እንዴ?

ልጓሙን ለቀቅሁት።

ግራሯን አለፍኩ። በላይ ከኋላ «ማንጠግቦሽ! ኧረ ያዢው!» እያለ ሲጮህ ሰማሁት፤ ድምፁም ቀረ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ስመለስ ገደፋው መሬት ላይ ተዘርግቶ ይስቃል። «ስትሰድቢን ውለሽ!» አለኝ። እውነቱን ነው።

«አሁንስ ምን ይሁን?» አለ ምትኩ። «ካሴቱ ሊያልቅ ነው። የቀረው ለአንዲት አጭር ነገር ብቻ ነው።»

«ሽፍታው አመለጠ» አልኩ። «ከዚያ ኮረብታ ላይ ይቆምና ፊቱን ይገልጣል። በቃ፣ ያልቃል።»

ጋሼ አለኸኝ ፊታቸው በርቶ ዳማውን አንገቱን እያሻሹ ነበር። ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ፊት መግለጡ ይቅር» አሉኝ። «ምን ያደርጋል አሁን? ተሸፍኖ ይቅር። ሰው ገደፋው ነው ይበል።»

በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ፈረሳቸውንም ያለ አንዳች ክፍያ ነው የሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ብሸነፍ ኖሮ ፊቴን አሳዪ ብለውኝ ነበር። ስሸነፍ ማንጠግቦሽ፣ ስቀድም ገደፋው ልሆን ነው? እሱስ አይሆንም። እገልጣለሁ።»

የዳማውን ልጓም ከእጄ ወስደው፣ ፈረሳቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው አቀኑ። ገደፋው አባቱንም እኔንም እያየ ቆመ፤ ቆይቶ እኔው ዘንድ ቀረ። እኔ የወርቁን ከረጢት ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ያለ ፈረስ፣ በባዶ እግሬ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ሻሹን ፈታሁት። ምትኩ ካሴቱ እስኪያልቅ ቀረጸኝ።

በፋሲካ ማግስት የአጎቴ ቪዲዮ ቤት መርፌ መጣያ አልነበረም። ጋሼ አለኸኝ ነጭ በነጭ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስገባ ሰላምታዬን አልተቀበሉም። ድንች ጠበሳው ላይ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ዳማው ግራሯን ሲያልፍ ቤቱ ተናወጠ፤ «ገደፋው! ገደፋው!» ይላሉ። ከዚያ ኮረብታው መጣ፤ ሻሹ ተፈታ። እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ወንበሩ ዞረ።

ጋሼ አለኸኝ ከወንበራቸው ሳይነሱ «የቀደመው ፈረሱ ነው» አሉ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

ከኋላ አንድ ሰው «ብቻውን ነው እንዴ የሄደው፣ ጋሼ?» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ለመቆጣት ዞረው ነበር፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው! «ይቺ ሽፍታ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በገዛ ፈረሴ ወርቁን ይዛብኝ ሄደች!» አጎቴ ካሴቱን ከመጀመሪያው እንዲደግመው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

ያ ካሴት ሲደጋገም ተበልቶ ከጠፋ ቆየ። ጋሼ አለኸኝም አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ሌላ ፊልም አልሠራሁም፤ ኑሮ ነው፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ዓመታት ሄዱ። ይህን ለናትናኤል ስነግረው ምን ያህሉን እንዳመነኝ አላውቅም። ዛሬም ግን ዳንግላ ስሄድ፣ መናኸሪያው ላይ ከሚኒባስ ስወርድ የሚያውቁኝ ሰዎች «ሽፍቷ መጣች!» ይሉኛል። አንዳንዴ አዲስ ሰው አብሯቸው ይኖርና ደንግጦ «ምን ዘርፈው ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

«የራሴን» እለዋለሁ።