የወይዘሮ አይገባም በር

"ወይዘሮ አይገባም" ያሏት መኪና የሚቀቡት የቀለም ቤት ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ ከጀርባዋ ነበር የሚሏት። በኋላ ስሙ ወደ ብየዳ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ቢሮ ተዛመተና አንድ ቀን የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ደውላ "ሄሎ፣ ወይዘሮ አይገባም?" አለቻት። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ጸሐፊዋ ክው ብላ ቀረች። ወይዘሮ አይገባም ግን ምንም እንዳልተፈጠረ "አቤት" አለች። ሰው በሚሠራው ሥራ ቢጠራ ምን ነውር አለው ባይ ናት።

ሥራዋ የመኪና ፋብሪካውን በር መጠበቅ ነው። ድሮ ግን መቀመጫ ትሰፋ ነበር። ፋብሪካው የሚሠራው መኪና አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አጠር ያለ፣ ደልደል ያለ፣ አቀበት ላይ የሚያቃስት ግን የማይቆም። ሠራተኛው ሲወደውም ሲናደድበትም "በሬው" ይለዋል። እሷም ወጣትነቷን የጨረሰችው የበሬውን መቀመጫ ስትሰፋ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ አንድ በሬ ካለፈ ከሾፌሩ ቀድማ የምታየው መቀመጫውን ነው፤ ልባሱ ተቀዶ ካየች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ዓይኗ መርፌና ክር ማገናኘት ሲያቅተው ሊያሰናብቷት አሰቡ። "የደከመው ዓይኔ እንጂ እግሬ አይደለም" ብላ ድርቅ ስትልባቸው በሩን ሰጧት። እሷ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ የስፌት ክፍሉ "ለጊዜው" ተብሎ ተዘጋ። የስፌት መኪኖቹ ላስቲክ እንደለበሱ እስካሁን አሉ።

ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "እዚህ ያልተሠራ የቤት መኪና ወደዚህ ግቢ አይገባም።" ይህን ያለችው እሷ አይደለችም። ከዓመታት በፊት፣ ከውጭ የሚመጡት መኪኖች መንገዱን ማጥለቅለቅ ሲጀምሩ፣ ሠራተኛው ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ተጯጩሆ፣ በመጨረሻ እጅ አውጥቶ የወሰነው ነው። እጅ ካወጡት ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ የቀሩት ረስተውታል። ሰሌዳው ግን አልወረደም። እሷ ደግሞ "አይገባም" የሚል ሰሌዳ ሥር ተቀምጣ የምታስገባ ሴት አይደለችም።

የጭነት መኪና ይገባል። ፋብሪካው የጭነት መኪና ስለማይሠራ በዚያ በኩል ቅናት የለበትም። አምቡላንስም ይገባል፤ እሷም ቢሆን ልብ አላት። ሌላው ግን ማንም ይሁን ማን ከመንገዱ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ አቁሞ በእግሩ ይመጣል። የባንክ ሰዎች በእግራቸው መጥተዋል። አንድ ትልቅ ሹም ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በካልሲ ገባ ይባላል፤ ይህን እንኳ የቀለም ቤቶቹ ሳይጨምሩበት አይቀሩም።

ነገሩ የተበላሸው ኑሮ ሲከብድ ነው። ሰው መኪና መግዛት ተወ፤ የሚገዛውም ቢሆን በሬውን ተወ። መለዋወጫው ስለተወደደ በሬው ተወደደ፣ ከውጭ የሚመጡት ያገለገሉ መኪኖች ደግሞ ረከሱ። ፋብሪካው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መሥራት ጀመረ። ከዚያ የሚያሳፍረው መጣ፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ራሳቸው የውጪዎቹን መግዛት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ ገዝቶ ሜዳው ጥግ ላይ ደበቅ አድርጎ አቆመ። ሁለተኛው አጠገቡ አቆመ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላውም። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፤ የግቢው ማቆሚያ ባዶውን ቀርቶ በአስፋልቱ ስንጥቅ ሣር በቀለ። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃ እየዘለለና ወይዘሮ አይገባምን በሆዱ እየረገመ በትንሿ የእግረኛ በር ይገባል። እሷ ሁሉንም "እንዴት አደራችሁ" ትላለች። ጠቧ ከመኪናው እንጂ ከሰውየው አይደለም።

ከገዙት መካከል አንዷ የገዛ ልጇ ናት። ልጅቷ ቀለም ቤት ነው የምትሠራው። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ በአንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ግን አንዷ በመኪና፣ አንዷ በአውቶቡስ ናቸው። ዝናብ ባለ ማታ ልጅቷ መኪናዋን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አቁማ መስኮቱን ታወርዳለች።

"እማዬ፣ ግቢ። ትበሰብሻለሽ።"

"አውቶቡስ እየመጣ ነው።"

"የት አለ አውቶቡስ?"

"ይመጣላ።"

"ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? እናቷን ዝናብ ላይ ጥላ ሄደች ነው የሚሉኝ።"

"ጥላኝ አልሄደችም፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት በያቸው።"

ልጅቷ መስኮቱን ዘግታ ትሄዳለች። እናትየው ልጇን ተቀይማ አይደለም። የልጅ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ያ መኪና መሆኑን ታውቃለች። አንድ ቀን ከተቀመጠችበት ግን በማግስቱ ሌላውን በምን አፏ ትመልሰዋለች? አጉል ግትርነት ነው የሚል ይኖራል። ይሁንላት፣ ሰው ከንብረቱ ሁሉ ግትርነቱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ሥራ አስኪያጁን ክፉ ሰው ነው ብሎ ማለፍ ለወሬ ይመች ነበር፤ ግን ክፉ አልነበረም። እንቅልፍ ካጣ መሰንበቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ያልሸጣቸው በሬዎች ጓሮ ተደርድረው ወፍ ይቀመጥባቸዋል። አማራጭ ሲያጣ ከአንድ አስመጪ ጋር ተስማማ፤ ፋብሪካው የውጪዎቹን መኪኖች ተቀብሎ ይሸጣል፣ የሚቀመጡትም መገጣጠሚያው አዳራሽ ውስጥ ይሆናል። መገጣጠሚያው ለጊዜው ይቆማል። ወሬው ቀድሞ ስለወጣ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል፤ "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ደግሞ ከስፌት ክፍሉ ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቃታል።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ረጅም ተሳቢ መጥቶ በሩ ፊት ቆመና ክላክሱን አስጮኸ። ጀርባው ላይ በሁለት ፎቅ የተደረደሩ፣ ነጭ ላስቲክ የተጠቀለሉ አዳዲስ የቤት መኪኖች አሉ። ወይዘሮ አይገባም ከወንበሯ ተነሳች።

"እማማ፣ ይክፈቱልኝ" አለ ሾፌሩ፣ ጠና ያለ፣ አቧራ የጠጣ ሰው ነው።

"ምን ጭነህ ነው?"

"አይታይም እንዴ? መኪና ነዋ።"

"እዚህ የተሠራ ነው?"

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። "እንኳን እዚህ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው።"

"እንግዲያው አንተ ግባ፣ እነሱ ይቅሩ።"

"እነማን?"

"ያዘልካቸው። ያንተ መኪና የጭነት ነው፣ እሱን አልከለከልንም። እነሱን ማዶ አውርድና ገብተህ ሻይህን ጠጣ።"

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰሌዳውን አነበበ። ሁለተኛም አነበበው። "እማማ፣ እኔኮ ተቀጣሪ ነኝ።"

"እኔስ ማን መሰልኩህ፣ ወንድሜ?"

ሾፌሩ ስልክ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ባዶውን ማቆሚያ እያቋረጠ በፈጣን እርምጃ መጣ።

"እትዬ፣ ይክፈቱ እንጂ። የኛው ጭነት ነው።"

"የኛ ከሆነ እዚህ ነዋ የተሠራው።"

"ቀልዱን ይተዉት።"

"ኧረ አልቀለድኩም፣ ጌታዬ።"

"ሰሌዳው ያረጀ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ።"

"ብቻዎን አይሽሩትም። እጅ ወጥቶበት ነው የተሰቀለው፣ እጅ ወጥቶበት ይውረድ። ያኔ በገዛ እጄ ከፍቼ እንኳን ደህና መጣችሁ እላቸዋለሁ።"

"ካልከፈትሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ አትሠሪም።" ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" የወረደችው እዚህ ላይ ነው።

ለምን ይዋሻል፣ ፈርታለች። በዚያ ዓይኗ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን ማን ይቀጥራታል? ግን ይህ ተሳቢ አንዴ ከገባ የልጇም፣ የብየዳውም፣ የሁሉም ቦታ እንደ ስፌት ክፍሉ ላስቲክ እንደሚለብስ ታያት። የበሩን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። ሥራ አስኪያጁ ልትሰጠው መስሎት እጁን ዘረጋ። እሷ ቁልፉን በአንገቷ በኩል ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ሳቁን ለመደበቅ ነው።

በዚህ መሐል የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሠራተኛው ከየክፍሉ ወጥቶ በሩን ከበበ። ሥራ አስኪያጁ ሲያያቸው ቀለል አለው። እነዚህ ሰዎች ሰሌዳውን እንደሚጠሉ ያውቃል፤ ሲያማርሩ በየቀኑ ይሰማል።

"ጥሩ፣ እጅ ይውጣ" አለ። "አልደብቃችሁም፣ በሬው እየተሸጠ አይደለም። እነዚህ ከገቡ ለማጠብ፣ ለመጠበቅ፣ ለገዢ ለማድረስ ጥቂት ሰው እፈልጋለሁ። ሌላውን ገበያው ሲሻሻል እንጠራዋለን። ደግሞም ሰሌዳው ከወረደ እናንተም መኪናችሁን ውስጥ ታቆማላችሁ። ይውረድ የሚል እጁን ያውጣ።"

ማንም እጁን አላወጣም። ወይዘሮ አይገባም ዓይኗ ልጇ ላይ ነው። ልጅቷ ፊት ቆማለች፣ እጅጌዋ ቀለም በቀለም ሆኗል። እጇን አነሳች።

እናትየው ሌላው ሁሉ ቢያወጣ ትችለው ነበር።

"አንድ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አይቁጠሩኝ፣ ለመናገር ነው" አለች ልጅቷ። "እኔ ይህን ሰሌዳ እጠላዋለሁ። እናቴ እዚህ ተቀምጣ ከሁሉ አብልጣ የከለከለችው እኔን ነው። ሦስት ክረምት ጭቃ ረግጬ ገብቻለሁ። ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥኩት እነዚህ ታዝለው እንዲገቡ ነው? እኔ በእግሬ፣ እነሱ በሰው ጀርባ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"የኔ መኪና የመጣው ልጆቼን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ነው። እነዚህ የመጡት የምሠራበት ቦታ ላይ ሊተኙ ነው። ይሽጧቸው፣ ማን ከለከለዎት? መጋዘን ይከራዩላቸው። እኔ የቆምኩበት ላይ ግን አይተኙም።"

"እውነቷን ነው" አለ አንድ ቦርጫም በያጅ። "እኔ በዚህች ሴትዮ የተነሳ ጫማ ጨርሻለሁ። ያ ሁሉ ጫማ ሜዳ ላይማ አይቀርም።"

ከዳር አንድ እጅ ብቅ አለ። ሁሉም ዞሮ ሲያየው ሰውየው በዚያው እጁ ጆሮውን አከከና አወረደው። ሌላ እጅ አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"ደብዳቤሽ ነገ ይደርስሻል" አላት።

"ይድረሰኝ። የሚያመጣው ሰው በምን መኪና እንደሚመጣ ብቻ ቀድመው ይንገሩኝ።"

ነገሩን ላለማንጠልጠል፣ ደብዳቤው በማግስቱም በሳምንቱም አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ከከተማ ዳር መጋዘን ተከራየ፤ የውጪዎቹን እዚያ ይሸጣል። መገጣጠሚያው እያቃሰተም ቢሆን በሳምንት ሦስት ቀኑን ይሠራል። እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፣ አውቃለሁ የሚልም ይዋሻል። ያን ዕለት ግን ይህም አልታወቀም ነበር፤ የታወቀው ተሳቢው አለመግባቱ ብቻ ነው።

ተሳቢው ለመመለስ መዞሪያ አጣ። ሜዳው በሠራተኛው መኪኖች ታጭቋል። ሠራተኞቹ ቁልፋቸውን እያቃጨሉ ሮጡና መኪኖቻቸውን አንድ በአንድ ወዲያና ወዲህ አነሱለት። "ወደ ግራ"፣ "ቀጥ"፣ "በቃ በቃ" ሲባባሉ ሜዳው ገበያ መሰለ። ሾፌሩ ዞሮ ሲያልፍ ለወይዘሮ አይገባም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት።

ሁሉም መኪናውን ወደ ቦታው ሲመልስ ልጅቷ አልመለሰችም። መንገዱን ተሻግራ ቀስ እያለች ወደ ትልቁ በር መጣች። ከውስጥ ያሉት አጨበጨቡላት። በሩ ጋ ስትደርስ መስኮቱን አወረደች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ይስቃል።

"እማዬ፣ ክፈቺልኝ።"

ወይዘሮ አይገባም ቀረብ አለች። ልጇን አቅፋ ብትስማት በወደደች፤ ከወለደቻት ጀምሮ እንደዚያ ቀን ኮርታባት አታውቅም። ጎንበስ ብላ ሞተሩ ያለበትን ፊተኛውን ክዳን፣ ከዚያም ልጇን አየች።

"የት ነው የተሠራው?"

"እማዬ! ዛሬ እንኳ?"

"ይልቁንም ዛሬ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች፣ መሪውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና የኋላ ማርሽ አስገባች። እናትየው መኪናው ማዶ እስኪቆም ጠበቀች። ልጇ ጭቃውን እየዘለለች ስትመጣ ትንሿን በር ከፍታ፣ እጇን ይዛ አስገባቻት።